የእማዬ ታይፎይድ ለምን አይለቃትም? ደሴ ሌላ ይላል፣ ሜሪላንድ ሌላ

የደሴዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ደሴ ከአክስቴ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ከዚያ ውጪ ጠንካራ ሴት ናት። ግን በየጥቂት ወሩ አንድ ነገር ይነሳባታል። ራሷን ያማታል፣ መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማታል፣ ምግብ ያስጠላታል፣ ድክም ይላታል። «ትኩሳት ትኩሳት ይለኛል» ትላለች። ሰፈር ያለው ክሊኒክ ትሄዳለች። ደም ትሰጣለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ይመጣል፦ ታይፎይድና ታይፈስ። ሲፕሮ ለ10 ቀን፣ ጠዋትና ማታ። አንዳንዴ ዶክሲሳይክሊን ይጨመርበታል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ሴፍትሪአክሶን በመርፌ ወስዳለች። መድኃኒቱን ስትጀምር ሻል ይላታል። ከርሞ ከርሞ ደግሞ ይመለሳል።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው። ወስዷት እሱ ጋ ከርማ ነበር። እዚያም ያው ነገር ተነሳባት። ሐኪሙ ጋ ሲወስዳት እማዬ ራሷ «ታይፎይዴ ነው የተነሳብኝ» አለች፤ ወንድሜ አስተረጎመ። ሐኪሙ ሙቀቷን ለካ፣ ሆዷን ነካካ፣ ብዙ ጠየቀ። ከሁለቱም ክንዷ ደም ተቀድቶ በጠርሙስ ለካልቸር (ጀርም ካለ አብቅሎ ለማየት) ተላከ። ሽንት ታየ፣ ሌላም የደም ምርመራ ታዘዘ። ከ5 ቀን በኋላ ተደውሎ «ምንም አልበቀለም፣ ታይፎይድ የለም» ተባለ። አንቲባዮቲክ አልታዘዘላትም። ፓራሲታሞል፣ እረፍት፣ የስኳር ክትትል፣ በቃ። እማዬ እስከዛሬ አልተዋጠላትም። «ያን ሁሉ ደም ቀድተው አንድ ፍሬ ክኒን እንኳ አልሰጡኝም። የአሜሪካ ሐኪም የኛን በሽታ ከየት ያውቀዋል?» ትላለች። ደሴ በተመለሰች በጥቂት ሳምንት ክሊኒኩ ሄደች። ታይፎይድና ታይፈስ።

አሁን በዓል ልውል ደሴ ስሄድ የምርመራ ወረቀቶቿን በሙሉ ከፌስታል አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። እማዬ ወረቀት አትጥልም። አንዱ ላይ «ኦ 1:160፣ ኤች 1:160፣ ኦክስ-19 1:80» ይላል። ሌላው ላይም ያው። ሌላው ላይ ኤች 1:320 ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ተመልሶ 1:160። ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ቁጥር የለም፣ «ሪአክቲቭ» ብቻ ነው የተጻፈው። አንዱ ወረቀት መድኃኒቱን ጨርሳ ደህና በሆነችበት ጊዜ «ለማረጋገጥ» የተሠራ ነው። እሱም ያው ቁጥር ነው። በሽታው ድኗል ከተባለ ቁጥሩ ለምን አልወረደም?

አንድ ነገር ልጨምር። መጨረሻ ላይ ሲፕሮ ስትወስድ ሌሊት ላብ አጥምቋት ነቃች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይመታል፣ አክስቴ ስታናግራት መልሷ ይዘባረቃል። አክስቴ ጣፋጭ ሻይ አጠጣቻት፤ ትንሽ ቆይታ ወደ ራሷ ተመለሰች። በማግስቱ ክሊኒክ ሲነገራቸው «በሽታው በላብ እየወጣ ነው» ተባለ።

አንድ ሰው፣ አንድ ሕመም፣ ሁለት አገር፣ ሁለት መልስ። ማን ነው ልክ? እማዬን በየጊዜው አንቲባዮቲክ ማስዋጡ ተገቢ ሕክምና ነው? የደሴውን ሐኪም ለመክሰስ አይደለም የምጠይቀው፤ ሰውየው ትሁት ነው፣ እማዬም ትወደዋለች። ግን ቤተሰባችን ለሁለት ተከፍሏል፣ እኔ ደግሞ መሐል ነኝ።

ላብራቶሪው ከሀዋሳ፦

እህቴ፣ እንኳን ወረቀቶቹን ደረደርሻቸው። ብዙ ሰው አንዱን ውጤት ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ይሄ ምርመራ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፣ ቁጥሩ ለምን እንዳልወረደ ይገባሻል።

ምርመራው ዊዳል ይባላል፤ ወረቀቶችሽ ላይ ኦ እና ኤች የሚለው የሱ ነው። ፈርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ባክቴሪያውን አይደለም የሚፈልገው። ሰውነት ያንን ባክቴሪያ ሊዋጋ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። የታይፎይድ ጀርም የሳልሞኔላ ዘር ነው፤ ሌሎች የሳልሞኔላ ዘሮችም ያስነሱታል። ወባም ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። እንደኛ አገር የውሃና የምግብ ንጽሕና ችግር ባለበት ቦታ ያደገ ሰው ምንም ሳያመው 1:80 ወይም 1:160 ቢያሳይ አይገርመኝም። ታይፈስ የተባለው፣ ኦክስ-19 የሚለው፣ ደግሞ ዌል-ፊሊክስ የሚባለው ምርመራ ነው፤ በ1916 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። እሱማ የታይፈስን ጀርም እንኳ አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው በሪኤጀንትነት (በመመርመሪያ ፈሳሽነት) የሚገባው፤ በከፊል ስለሚመሳሰሉ ነው። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለሽንት ኢንፌክሽን ቅርብ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ደሙ ይረጋና ሴረሙ (ጠራ ያለው ፈሳሽ) ይለያል። ክብ ክብ ያለበት ነጭ ስላይድ ላይ ሴረም ይደረጋል፣ ከጎኑ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት ይጨመራል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ ከዚያ ስላይዱን በእጅ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዝሽ አንድ ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ቅንጣት ቅንጣት እያለ ከተቋጠረ ሪአክቲቭ ነው። ቁጥር ለማውጣት ሴረሙ እየተቀነሰ ይደገማል፤ ባነሰ ሴረም ከተቋጠረ አንቲቦዲው ብዙ ነው፦ 80 ማይክሮሊትር 1:20 ነው፣ 40 ከሆነ 1:40፣ 20 ከሆነ 1:80፣ 10 ከሆነ 1:160፣ 5 ከሆነ 1:320። ወረፋ ሲበዛ አንዷን ጠብታ ብቻ ሠርቶ «ሪአክቲቭ» ብሎ መጻፍ አለ። ቁጥር የሌላቸው ወረቀቶችሽ እንደዚያ የተሠሩ ይመስለኛል። ከደቂቃው በላይ ከቆየ ደግሞ ጠርዙ ይደርቅና የተቋጠረ ይመስላል። ሪኤጀንቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አንቺው ገምቺው። 1:160ንና 1:320ን ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ሊያነባቸው ይችላል። ስለዚህ ያ ከፍ ብሎ የወረደው ኤች ብዙም ትርጉም የለውም።

በትክክል ይሠራ ከተባለ ደም ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰደው። አንዴ ሲታመሙ፣ አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320፣ ያኔ ትርጉም አለው። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ለሁለተኛው ተመልሶ የመጣ ሰው አላስታውስም። በሽተኛው የሚፈልገው ዛሬውኑ የሚነበብ ወረቀት ነው። ወረቀት ካልሰጠነው ቀጥሎ ያለው ክሊኒክ ይሰጠዋል።

ለማረጋገጥ ተብሎ ከመድኃኒት በኋላ የሚሠራው ደግሞ ከነጭራሹ አይጠቅምም። ገንዘብ ነው የሚበላው።

ከባሕር ዳር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አነጋገር አልስማማም። ሰው «ታይፎይድ ውሸት ነው» ብሎ እንዳይነሳ እፈራለሁ።

እኔ ታይፎይድ ይዞኝ ነበር። መጀመሪያ ትኩሳት፣ በየቀኑ እየጨመረ፤ ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀት። አንድ የግል ክሊኒክ «ጉንፋን ነው፣ አሁን ሁሉም ሰው ታይፎይድ ታይፎይድ ይላል» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሸኘኝ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሆዴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሆስፒታል ስደርስ አንጀቴ ተበስቷል ተብሎ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ጠባሳው ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ እስከ ታች ነው። ሚስቴ ያኔ የሁለተኛ ልጃችን እርጉዝ ነበረች፤ በሕይወት እወጣለሁ ብላ አላሰበችም።

ስለዚህ ለኔ ሲፕሮ የጻፈ ሐኪም ጥፋተኛ አይደለም። ካልቸር የሌለበት ከተማ ውስጥ ያለ ሐኪም ምን ያድርግ? በሽተኛው ነገ ተመልሶ እንደሚመጣ በምን ያውቃል? ሜሪላንድ ያለው ዶክተር 5 ቀን ጠብቆ ስልክ መደወል ይችላል። እዚህ 5 ቀን ማለት ሌላ ነገር ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦

ወንድሜ ከባሕር ዳር፣ እንኳን ተረፍክ። የነገርከን ታሪክ እውነተኛ የታይፎይድ ታሪክ ነው፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ በዋርድ አይቻለሁ። ያልታከመ ታይፎይድ አንጀት የሚበሳው እንደዚያው አንተ ባልክበት ጊዜ ገደማ ነው። አንተን በፓራሲታሞል መሸኘት ተገቢ አልነበረም። ግን ያንተን ታሪክ ከጠያቂዋ እናት ታሪክ ጋር አስተያየው። ያንተ ትኩሳት በየቀኑ እየጨመረ ሄዷል፤ አንድ ተከታታይ ሕመም ነበር። የሳቸው ለዓመታት የሚመላለስ፣ «ትኩሳት ትኩሳት ይለኛል» የሚባል፣ ማንም በቴርሞሜትር ያልለካው ነው። ለሁለታችሁም የተሠራው ስላይድ አንድ ዓይነት ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው ታሪካችሁ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። ከሁሉም በፊት ስለዚያ ሌሊት።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት፣ መዘባረቅ፣ በጣፋጭ ሻይ መመለስ። ይሄ በሽታ በላብ ሲወጣ አይደለም። ስኳር መውረድ ነው የሚመስለው። ግሊቤንክላማይድ ስኳርን በኃይል ያወርዳል፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ፣ ምግብ ሲጠላ ደግሞ የበለጠ። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ሲጨመርበት አደጋው ከፍ ይላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ በተለይ በአረጋውያንና የስኳር መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል ብሎ ማስጠንቀቂያውን አጠንክሯል። ይሄው መድኃኒት ጅማት ሊበጥስ ይችላል የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። አክስትሽ ሻይ ባያጠጧቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ግሊቤንክላማይዱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ስኳር የሚከታተላቸው ሐኪም ይሄን ሌሊት በዚህ ሳምንት መስማት አለበት። ግሉኮሜትር ቤት ካለ ሌሊት እንዲህ ሲሆን ይለካ። ስኳር ወይም ማር ከአልጋቸው አጠገብ አይጥፋ። ራሳቸውን ከሳቱና መዋጥ ካልቻሉ ግን በአፍ ምንም አትስጧቸው፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው።

ማን ነው ልክ ላልሽው፦ የሜሪላንዱ ሐኪም ጋ ታይፎይድ ብርቅ ነው። በመላው አሜሪካ በዓመት የሚመዘገበው ጥቂት መቶ ነው፣ አብዛኛውም መንገደኛ። ካልቸር አለው፣ ስልክ ደውሎ በሽተኛውን ያገኛል። የደሴው ሐኪም ጋ ታይፎይድ አለ፣ ካልቸር ላይኖር ይችላል፣ ወረፋው በር ላይ ነው። ሁለቱም ከቆሙበት ቦታ ተነስተው ነው የሚያስቡት። ካልቸርም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ከእውነተኛ ታይፎይድ ውስጥ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ለቀናት የዘለቀ፣ የተለካ ትኩሳት ያለበት ሰው ካልቸር በሌለበት ቢመጣና ሐኪሙ ወባን ለይቶ በጥርጣሬ ቢያክም አልነቅፈውም። እኔም አደርገዋለሁ።

እናትሽ ላይ የተደረገው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ትኩሳት አልተለካም። ቁጥሩ ሲታመሙም ሲድኑም ያው ነው። ያው ሕክምና ተደጋግሞ ሕመሙ ይመለሳል። ሕክምና ተገቢ ነው የሚባለው የሚጠበቀው ጥቅም ከሚጠበቀው ጉዳት በግልጽ ሲበልጥ ነው። እዚህ ጥቅሙ አይታየኝም፤ ጉዳቱን ግን አክስትሽ በዓይናቸው አይተውታል። «ግን ይሻላታል እኮ» ትይኝ ይሆናል። የሚመላለስ ሕመም በባሕርይው ሳምንት አሥር ቀን ቆይቶ ይቀላል፤ መድኃኒቱ የሚጀመረው ደግሞ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ሐኪሞች እንዲህ መለያየታቸው አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። 1,000 ተማሪዎች ታዩ፤ 61 በመቶው ቶንሲላቸው አስቀድሞ ወጥቷል። የቀሩትን ሐኪሞች እንዲያዩ ተደረገ፤ 45 በመቶውን «ይውጣ» አሉ። ደህና ናችሁ የተባሉት ለሌሎች ሐኪሞች ታዩ፤ ከነሱም 46 በመቶው ይውጣ ተባለ። የተረፉት ለሦስተኛ ጊዜ ታዩ፣ 44 በመቶ። መጨረሻ ላይ ቶንሲሉ ይውጣ ያልተባለ 65 ልጅ ብቻ ቀረ። በ1938 ደግሞ ግሎቨር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የቶንሲል ቀዶ ሕክምና በብዙ እጥፍ እንደሚለያይ አሳየ፤ በልጆቹ በሽታ ሳይሆን በአካባቢው ሐኪሞች ልማድ። እኛ አገር ያለ ምክንያት የሚቆረጠውን እንጥል አስቢ፣ ስንት ሕፃን ደም ፈሶት እንደሚመጣ። ልማድ ነጭ ጋውን ለብሶም ይመጣል።

የሳቸውን ነገር እንደ አዲስ መጀመር ነው የሚሻለው። ቴርሞሜትር ግዙና ሕመሙ ሲነሳ ጠዋትና ማታ እየለካችሁ ጻፉ። ትኩሳት ካለ የደም ፊልም (ደም በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ይሠራ፤ ወባም በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳትም እዚያ ላይ ይታያሉ። ሽንት። ሙሉ የደም ቆጠራ። ሳል ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ቲቢ። ጥሬ ወተት ይጠጣሉ? ከጠጡ ብሩሴላም ይታሰብ። የሦስት ወሩ የስኳር መጠን። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት ከወሰዱ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስ ይችላል፤ ድካምና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። ይሄን ሁሉ ባንድ ጊዜ ክፈሉ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሙ ታሪካቸውን ሰምቶ ይምረጥ።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ዶክተር ብዙውን ስላሉት እኔ ከዚህ ወገን ያለውን ብቻ ልጨምር። እዚህ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ የኛ እናቶችና አባቶች ሲመጡ ማስተርጎም ባይሆን ሥራዬም እጠራለሁ።

አንደኛ፣ የኛ ሰው ሻንጣው ውስጥ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ገና ያልተከፈተ ከነማሸጊያው። ሲያመው ሁለት ሦስት ፍሬ ይውጥና ሐኪም ጋ ይሄዳል። ለሐኪሙ አይናገርም፤ የሚቆጡት ይመስለዋል። ከዚያ ካልቸሩ ምንም አያበቅልም። ወንድምሽ እናትሽን ቀስ ብሎ ይጠይቃቸው፤ ከምርመራው በፊት የዋጡት ነገር ነበር? ይሄ መልሱን ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛ፣ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የታይፎይድ ክትባት የምትወስዱ ይሄን እወቁ። የሚዋጠው ዓይነት ክትባት፣ አምራቹ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማምረት ያቆመው፣ ዊዳልን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በመርፌ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ አያደርገውም። ተከትቦ ሄዶ፣ እዚያ ሆዱን ሲያመው ተመርምሮ «ታይፎይድ ያዘኝ፣ ክትባቱ አይሠራም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

ሦስተኛው ከልቤ የምለው ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ተገቢ ነው፣ አገር ቤት ያለው ሁሉ ስህተት ነው ብላችሁ እናቶቻችንን አታሳፍሯቸው። እዚህም ወገቤን አመመኝ ላለ ሁሉ ኤምአርአይ የሚያዝ አለ። ከሦስት ወላድ አንዷ ገደማ በቀዶ ሕክምና ነው የምትወልደው። የማያስፈልግ ምርመራ በዝቶ የራሳቸው የሐኪሞች ማኅበራት በ2012 እ.ኤ.አ. አስፈላጊ ያልሆኑትን ዘርዝረው ለማስቀረት ዘመቻ እስከ መጀመር ደርሰዋል። እናትሽ «አንድ ክኒን እንኳ አልሰጡኝም» ያሉት ስለ ክኒኑ ብቻ አይመስለኝም። ሐኪሙ ውጤቱን በስልክ ነገራቸውና ዘጋ። «ታይፎይድ አይደለም፣ ታዲያ ምንድነው?» ለሚለው መልስ አላገኙም። የደሴው ሐኪም የበሽታ ስም ሰጣቸው። ስም የሚሰጥ ሰው ይታመናል።

የደሴዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ስኳሩ የተጻፈውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በነጋታው ለአክስቴ ደወልኩ፣ እማዬም ስኳር ክትትሏ ጋ ሄደች። ሐኪሟ የሌሊቱን ነገር ሲሰማ ግሊቤንክላማይዱን ቀነሰላት፤ ሲፕሮ የሚባል ነገር ለማንም ሐኪም «የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ» ሳትል እንዳትወስድ ብሎ ካርዷ ላይ ጻፈላት። እማዬ ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንዲያ ሆና አልነቃችም ብላ አክስቴ ነገረችኝ።

ወንድሜን ስለ ሻንጣው ጠየቅኩት። አላወቀም፣ እማዬን ጠየቃት። ሲፕሮ ይዛ ሄዳ ነበር፣ ግን ከምርመራው በፊት አልዋጥኩም ነው ያለችው። አምናታለሁ፤ እማዬ ካላደረገች አላደረገችም።

ቴርሞሜትር ገዛሁ። ሕመሙ ሰሞኑን ተነስቶባት አክስቴ ጠዋትና ማታ እየለካች በደብተር እየጻፈች ነው፤ ከ37.4 አላለፈም። ጥሬ ወተት አትጠጣም። እግሯ ግን ይደነዝዛታል፤ ጫማዋ ሳታውቀው ከእግሯ ይወልቃል። እኔ ይሄን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ እሷም ለሐኪም ተናግራ አታውቅም። የቢ12 ደም ተወስዷል፣ ውጤቱ ገና ነው።

የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የሰፈሩን ክሊኒክ ሐኪም ሳላስቀይመው ይሄን እንዴት ልንገረው? እማዬ ከሱ መራቅ አትፈልግም። ሁለተኛው፣ አንድ ቀን እውነተኛ ትኩሳት ቢመጣስ? ከባሕር ዳር የጻፈው ወንድማችን ታሪክ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦

ለሐኪሙ ወረቀቶቹን በሙሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድረሽ አሳዪው። የሙቀቱንም ደብተር። እሱ በየጊዜው አንዷን ወረቀት ነው ያየው፤ ሁሉንም አንድ ላይ የማየት ዕድል አላገኘም። «ተሳስተሃል» አትበዪው፤ «ከዚህ በኋላ እናቴ ስትመጣ ሙቀቷን ለክተህ፣ ስኳሯን አይተህ፣ ወባውን አሠርተህ ብትጀምርላት» በዪው። አብዛኛው ሐኪም ይሄን ይቀበላል። እኔ ብሆን ደስ ይለኛል።

ትኩሳቱ ከ38 በላይ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ፣ ወይም ሆዳቸው ከጠጠረ፣ ከተዘባረቁ፣ ካስታወኩና ምግብ አልቆይ ካላቸው ክሊኒክ ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲያ ቀን አትቁጠሩ።

ላብራቶሪው ከሀዋሳ፦

እሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ካልቸር ያለበት ሆስፒታል ከሄዳችሁ ደሙ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይወሰድ። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ነው የሚፈለገው፤ ሁለት ሚሊ ቀድቶ የሚልክ ካለ ጨምሩበት በሉት። ያኔ ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ቢጀምርም ችግር የለም፤ ደሙ ተይዟል። ካልቸሩ ከበቀለ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አብሮ ይታያል። ሲፕሮን የማይሰማ ባክቴሪያ ስለበዛ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለ«ማረጋገጫ» ዊዳል ግን ከዚህ በኋላ አትክፈሉ።